የቱን ፕሮቲን ልግዛ? ሥጋ፣ እንቁላል፣ ሽሮ፣ አኩሪ አተር ወይስ ዱቄቱ

«ፕሮቲን አብዝታችሁ ብሉ» የሚለው ምክር ከሐኪሙም ይመጣል፣ ከጂም አሠልጣኙም፣ ከቲክቶኩም። የቱን የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ግን ሁሉም የየራሱን ይጠራል። አንዱ ሥጋ ካልሆነ አይሆንም ይላል። ሌላው ሽሮ ይበቃል ይላል። ሦስተኛው በባልዲ የታሸገ ዱቄት ይዞ ይመጣል። ገንዘቡን የምታወጡት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

አብዛኛው ሰው የሚያወዳድረው በግራም ነው። ይሄ 20 ግራም አለው፣ ያ 25 ግራም አለው እያለ። ግራም ብቻውን ግን ያሳስታል። ምክንያቱ የሚገባን ፕሮቲን ከምን እንደተሠራ ስናይ ነው። እሱን በአጭሩ አይተን ወደ ገበያው እንሂድ።

ፕሮቲን እንዴት ይሠራል?

ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ሰውነታችን ሰንሰለቱን የሚቀጥልባቸው 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች አሉ። አንዱ ከሌላው ጋር ሲያያዝ አንድ የውሃ ሞለኪውል ይወጣል፤ በመካከላቸውም ጠንካራ ትስስር ይቀራል። እንዲህ አንድ በአንድ እየተቀጠለ ይረዝማል። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች ብቻ አሉት። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ደግሞ በአራት ሰንሰለቶች የተከፋፈሉ 574 አሚኖ አሲዶች አሉት።

ሰንሰለቱ ተዘርግቶ አይቀመጥም። ከፊሉ ይጠመዘዛል፣ ከፊሉ ይታጠፋል፣ ከዚያ መላው ተጠቅልሎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል። ፕሮቲኑ ሥራ የሚሠራው በዚያ ቅርጹ ነው። ቅርጹን የሚወስነው ደግሞ የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ነው። ይህ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ሲክል ሴል የሚባለው የደም ሕመም ያሳያል። በሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት 6ኛው ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ መቀመጥ ሲገባው ቫሊን ይቀመጣል። ይህች አንዲት ለውጥ ቀይ የደም ሴሉን አጉብጣ ሰውን ዕድሜ ልክ ታሳምማለች።

የበላነው ፕሮቲን እንዳለ ጡንቻ አይሆንም። ጨጓራና አንጀት ሰንሰለቱን ይበጣጥሱታል፤ ወደ ደም የሚገቡት አሚኖ አሲዶቹ ናቸው። ሰውነት ከእነሱ የራሱን ሰንሰለት እንደ አዲስ ይሠራል። ከ20ዎቹ ውስጥ 9ኙን ግን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። እነሱም ሂስቲዲን፣ አይሶሉሲን፣ ሉሲን፣ ላይሲን፣ ሜታዮኒን፣ ፊናይልአላኒን፣ ትሪዮኒን፣ ትሪፕቶፋን እና ቫሊን ናቸው።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ፊደል ጎድሎ ቃል እንደማይጻፍ ሁሉ፣ ከ9ኙ አንዱ ካነሰ ሰንሰለቱ አይጠናቀቅም። ሌላው ተትረፍርፎ ቢገኝ አይተካውም። የተረፈው ደግሞ ለነገ አይከማችም። ናይትሮጅኑ ተነጥሎ በሽንት ይወጣል፤ ቀሪው ለጉልበት ይቃጠላል ወይም ወደ ስብ ይለወጣል። ስለዚህ የአንድ ምግብ ፕሮቲን ምን ያህል እንደሚጠቅመን የሚወስነው በጣም ያነሰው አሚኖ አሲድ ነው። ጥራጥሬ ላይ የሚያንሰው ሜታዮኒን ነው። እህል ላይ የሚያንሰው ላይሲን ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ደጋግመን እንመለስበታለን።

በምን በምን እንመዝን?

መጀመሪያ 9ኙ መሟላታቸውን እንይ። ቀጥሎ ምን ያህሉ ሆድ ውስጥ እንደሚፈጭ። ከዚያ የሚጠቅመን ክፍል በስንት ብር እንደሚገኝ። በመጨረሻም ከፕሮቲኑ ጋር አብሮ የሚመጣውን፣ ጥቅምም ይሁን ጉዳት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት አንድ ላይ የሚለካ የጥራት ነጥብ አለ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያስፋፉት ሲሆን ከ0 እስከ 1 ይሄዳል። 1 ማለት ፕሮቲኑ የተሟላና በደንብ የሚፈጭ ነው። ፋኦ በ2013 የተሻሻለ መለኪያ አቅርቧል። ለገበያ ምርጫ ግን የቀድሞው ይበቃናል፤ ቁጥሮቹም በስፋት ይገኛሉ።

ለዋጋው እንቁላልን መለኪያ አድርጌዋለሁ። 50 ግራም ገደማ የሚመዝን የፈረንጅ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ጥራቱም ሙሉ ነው። የሐበሻ እንቁላል አነስ ስለሚል 5 ግራም ያዙለት። በብር ብጽፈው ሳምንት ሳይሞላ ያረጅብኛል። በእንቁላል ቁጥር ከሆነ ግን ገበያው ቢወጣም ቢወርድም ይሠራል። ቁጥሩ የምግቡ ፕሮቲን በጥራት ነጥቡ ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል የሚገኝ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የአንድ ኪሎውን ዋጋ በሠንጠረዡ ላይ ላለው የእንቁላል ቁጥር አካፍሉ። ውጤቱ ከአንድ እንቁላል ዋጋ ካነሰ ፕሮቲኑ ከእንቁላል ይረክሳል። ከበለጠ ደግሞ ይወደዳል።

| ምርጫ | ፕሮቲን | የጥራት ነጥብ | የሚያንሰው አሚኖ አሲድ | በእንቁላል ሲመነዘር |
|---|---|---|---|---|
| እንቁላል፣ 1 ፍሬ | 6 ግራም | 1.0 | የለም | 1 |
| የላም ወተት፣ 1 ሊትር | 33 ግራም ገደማ | 1.0 | የለም | 5 ተኩል |
| የበሬ ሥጋ፣ አጥንትና ስብ የሌለው፣ 1 ኪሎ | 200 ግራም ገደማ | 0.92 | ይህ ነው የሚባል የለም | 30 |
| ዓሳ (ቆሮሶ)፣ አጥንት የሌለው፣ 1 ኪሎ | 200 ግራም ገደማ | ከ0.9 በላይ | የለም | 30 |
| ደረቅ አኩሪ አተር፣ 1 ኪሎ | 360 ግራም ገደማ | 0.9 ገደማ | ሜታዮኒን፣ በጥቂቱ | ከ50 በላይ |
| ደረቅ ሽምብራ፣ 1 ኪሎ | 200 ግራም ገደማ | 0.78 ገደማ | ሜታዮኒን | 25 |
| ደረቅ ምስር፣ 1 ኪሎ | 240 ግራም ገደማ | 0.5–0.6 | ሜታዮኒን | 20–24 |
| ለውዝ፣ 1 ኪሎ | 250 ግራም ገደማ | 0.5 ገደማ | ላይሲን | 20 |
| ጤፍ፣ 1 ኪሎ | 110–130 ግራም | ከጥራጥሬ ጋር ይታሰባል | ላይሲን | — |
| ዌይ፣ ከወተት የሚወጣ ዱቄት (80 በመቶው ፕሮቲን)፣ 1 ኪሎ | 750–800 ግራም | 1.0 | የለም | 125–130 |
| ኮላጅን (የቆዳና የጅማት ፕሮቲን) ዱቄት፣ 1 ኪሎ | 850 ግራም ገደማ | 0 | ትሪፕቶፋን ጭራሽ የለውም | 0 |

የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች አስተያዩ። በግራም ከሄድን አሸናፊው ኮላጅን ነበር።

እንቁላልና ወተት

እዚህ ላይ ብዙ የሚያከራክር የለም። ሁለቱም የተሟሉ ናቸው፣ በደንብ ይፈጫሉ፣ ቢ12 የተባለውን ቫይታሚን ይዘው ይመጣሉ። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው እርጎ ወይም አይብ ይሞክር፤ ላክቶሱ (የወተቱ ስኳር) ይቀንስለታል።

እንቁላልን ግን አብስላችሁ ብሉ። ጥሬውን የሚጠጡ የጂም ልጆች አሉ። ሙቀት የተጠቀለለውን ሰንሰለት ይፈታዋል እንጂ አይበጣጥሰውም። የተፈታውን ደግሞ የጨጓራና የአንጀት ኢንዛይሞች በቀላሉ ይደርሱበታል። ከተቀቀለ እንቁላል 90 በመቶ ገደማው ፕሮቲን ወደ ሰውነት ሲገባ፣ ከጥሬው የሚገባው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ጥሬውን የሚጠጣ ሰው የገዛውን ግማሽ ይጥላል ማለት ነው።

ሥጋና ዓሳ

የሥጋ ፕሮቲን ምርጥ ነው። ብረቱን፣ ዚንኩንና ቢ12ን ደርቦ ይሰጣል። ችግሩ ዋጋው ነው። ከሉካንዳ ቤት ስትገዙ አጥንቱና ጮማውም በሚዛኑ ይገባል፤ ስለዚህ ከኪሎው 30 እንቁላል አታገኙም። ሩብ ያህሉ አጥንትና ስብ ከሆነ ወደ 23 ይወርዳል። 30 እንቁላል ከአንድ ኪሎ ንጹሕ ሥጋ በታች በሚሸጥበት ቀን፣ ለፕሮቲን ብሎ ሥጋ የሚገዛ ሰው አላስፈላጊ ገንዘብ ያወጣል። ለጣዕሙ፣ ለበዓሉ፣ ለብረቱ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥሬ ሥጋ ከበሰለው የበለጠ ፕሮቲን ይሰጣል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። አሚኖ አሲዶቹ ያው ናቸው። የኮሶ ትል ግን ከጥሬው ጋር ሊመጣ ይችላል።

ሐይቅ አቅራቢያ ለምትኖሩ ቆሮሶ ከሥጋ እኩል ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም ይረክሳል። በተቃራኒው የአጥንት ሾርባን እንደ ፕሮቲን ምንጭ አትቁጠሩት። ለታመመ ሰው ይሞቃል፣ ይጣፍጣል፣ ፈሳሽም ይተካል። ከአጥንት የሚወጣው ፕሮቲን ግን በአብዛኛው ጄላቲን ነው። ጄላቲን ደግሞ የተቀቀለ ኮላጅን ነው። ለታማሚው ሾርባው ውስጥ እንቁላል ብትመቱበት በጣም ይሻላል።

ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ከእንጀራ ጋር

አብዛኛው ቤተሰባችን ፕሮቲኑን የሚያገኘው ከዚህ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆየት ልበል። እኔም በጣም የማምንበት ክፍል ይህ ነው።

ምስር በሠንጠረዡ ላይ 0.5 አካባቢ ተሰጥቶታል። ይህ ነጥብ ግን የተሰጠው ምስርን ለብቻው እንደሚበላ አስቦ ነው። ምስርን በባዶው የሚበላ ሰው የለም። በእንጀራ ነው የሚበላው። ጤፍ ላይሲን ቢያንሰውም ከስንዴ ይሻላል። ሜታዮኒን ላይ ደግሞ ሀብታም ነው፤ በአንድ ግራም ፕሮቲን ሲሰላ ከምስር ከእጥፍ በላይ አለው። ምስር በበኩሉ ላይሲን ሞልቶታል። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በቀን 1.8 ግራም ላይሲን ያስፈልገዋል። 100 ግራም ደረቅ ምስር ብቻውን 1.7 ግራም ገደማ ይሰጠዋል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል፤ ገበታው ላይ ሲገናኙ የተሟላ ፕሮቲን ይሆናሉ። ደግሞ የግድ በአንድ ጉርሻ መገናኘት የለባቸውም። ጠዋት ቂጣ ወይም ገንፎ፣ ማታ ምስር ቢበላም በቀኑ ውስጥ እስከተገናኙ ድረስ ይሠራል።

ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ መጠኑ ላይ። ለአንድ ሰው 40 ግራም የሽሮ ዱቄት ከገባ ከሽሮው የሚገኘው ፕሮቲን 8 ግራም ገደማ ነው። ወጡ ቀጥኖ ለብዙ ሰው ከተዳረሰ ከዚያም ያንሳል። ያው 60 ኪሎ ሰው በቀን 50 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይፈልጋል። ስለዚህ በጥራጥሬ ለምትኖሩ የመጀመሪያው ምክሬ ወፈር ያለ ሽሮ ሥሩ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በምሳና በእራት መካከል ንፍሮ ወይም የሽምብራ ቆሎ አስገቡ።

ሽሮ የምታስፈጩ ሰዎች አቆላሉን ተጠንቀቁ። በመጠኑ መቁላት ጣዕም ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ የሚያግዱ ነገሮችንም ይቀንሳል። እህሉ ሲጠቁር ግን ላይሲን ከስኳር ጋር ተጣብቆ ሰውነት ሊጠቀምበት የማይችል ይሆናል። ከጥራጥሬ የምንፈልገው ደግሞ ያንኑ ላይሲን ነው። ባቄላውንና አተሩን ከክቶ ገለባውን ማውጣትም ይጠቅማል፤ የሚያግደው ታኒን በብዛት ያለው ገለባው ላይ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጓያ በገበያ ርካሽ ነው፤ ለክክና ለሽሮም ይውላል። በውስጡ ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ አለ። ይህኛው ከ20ዎቹ አይደለም፣ ሰንሰለት ውስጥም አይገባም፤ ነርቭን ይጎዳል። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ ያደርጋል፣ አይድንምም። ደንቢያና ፎገራ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን አይተዋል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ለሽሮ እህሉን ራሳችሁ ገዝታችሁ ብታስፈጩ ምን እንደገባበት ታውቃላችሁ።

ጥራጥሬ ቢ12 የለውም። ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይቀምስ ሰው ቫይታሚኑን በኪኒን መውሰድ አለበት። ጾሙን እየፈታ የሚበላ ጤነኛ ሰው ግን ጉበቱ ውስጥ የሚያከማቸው ስላለ እምብዛም አያሰጋውም።

አኩሪ አተር፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ

በዋጋ አኩሪ አተርን የሚያክል የለም። አንዱ ኪሎ ከ50 እንቁላል በላይ ይመነዘራል፤ ጥራቱም ወደ ሥጋ ይጠጋል። ጥሬው ግን ፕሮቲን የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያግድ ነገር ስላለው በደንብ መቆላት ወይም መብሰል አለበት። ጣዕሙን ለማይወዱ ጥሩው መንገድ ሽሮ ሲዘጋጅ ከሽምብራው ወይም ከአተሩ ሩብ ያህሉን በአኩሪ አተር መተካት ነው። ወንድን ሆርሞን ያሳጣል የሚለው ፍርሃት በሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች አልተደገፈም።

ለውዝ ስቡ ብዙ ነው፤ ለመክሰስ ይሆናል። ሰሊጥ ሜታዮኒን ስለሞላው ለጥራጥሬ ጥሩ አጋር ነው። በጾም ገበታ ላይ ከምስሩ ጎን የሰሊጥ ፍትፍት ማቅረብ በኬሚስትሪም ያስኬዳል።

ዱቄቶቹ

ዌይ ከወተት የሚወጣ ነው። የተሟላ ነው፣ ቶሎ ይፈጫል፣ ጡንቻ መሥራትን የሚያነሳሳው ሉሲን በብዛት አለው። በዚህ በኩል ነቀፋ የለኝም። የምጠይቀው ስለ ዋጋው ነው። የአንድ ኪሎውን ዋጋ ለ125 አካፍሉና ከእንቁላል ጋር አስተያዩት። አሜሪካና አውሮፓ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። አዲስ አበባ ላይ ግን ከውጭ በምንዛሪ ስለሚገባ ሳያሰሉ መግዛት ጥሩ አይደለም።

ኮላጅን ለቆዳና ለመገጣጠሚያ ተብሎ ይሸጣል። በዚያ ላይ አሁን አልከራከርም። ለፕሮቲን ብላችሁ ግን አትግዙት። ሰንሰለቱ ሦስት ሦስት እየሆነ የሚገመድ ጠንካራ ገመድ ነው፤ ለጅማትና ለቆዳ የተሠራ። ከሦስት አሚኖ አሲዶቹ አንዱ ግላይሲን ነው፤ ግላይሲንን ሰውነታችን ራሱ ይሠራል። ትሪፕቶፋን ደግሞ የለውም። አሜሪካ የምትኖሩ የዕቃውን ጀርባ አንብቡ። የግራሙ ቁጥር ትልቅ ሆኖ በጎኑ የዕለታዊ ፍላጎቱ መቶኛ 0 ወይም በጣም ትንሽ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው፤ መቶኛው በጥራት ተባዝቶ ነው የሚጻፍ።

ዕቃው ላይ የተጻፈውን ግራም ለምን እንደማላምን ልንገራችሁ። የዴንማርኩ ኬሚስት ዮሐን ኬልዳል እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጣው ዘዴ ላቦራቶሪ የሚለካው ናይትሮጅንን ነው፤ ከዚያ በ6.25 ተባዝቶ «ፕሮቲን» ይባላል። ናይትሮጅን ያለበትን ሌላ ርካሽ ነገር ቢጨምሩበት ቁጥሩ ይወጣል። በ2008 ቻይና ውስጥ የሕፃናት ወተት ላይ ሜላሚን የተባለው ናይትሮጅን የበዛበት ኬሚካል የተጨመረው በዚሁ ምክንያት ነው። 6 ሕፃናት ሞቱ፣ 300,000 ገደማ ታመሙ። ዛሬም አንዳንድ አምራቾች ዱቄታቸው ላይ ርካሽ ግላይሲን ወይም ታውሪን ይጨምራሉ። በዌይ ዕቃ ላይ እነዚህ ስሞች ተዘርዝረው ካያችሁ ተዉት። ገለልተኛ ላቦራቶሪ የመረመረው መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለውን ፈልጉ።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ገንዘቡ ለተቆጠረ ቤተሰብ፦ ወፍራም ሽሮ አኩሪ አተር ተቀላቅሎበት፣ ምስር፣ እንጀራ። ከወር በጀቱ የሚተርፈው ሁሉ ወደ እንቁላል ይሂድ፤ ሥጋው ለበዓል ይቆይ።

ለሕፃናት ከ6 ወር በኋላ፦ ሆዳቸው ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሽሮ አይችሉም። በየቀኑ አንድ የበሰለ እንቁላል ካለ በጣም ጥሩ ነው። ቤቱ አንድ እንቁላል ብቻ ካለው ለልጁ ይሁን። የገንፎ ዱቄት ሲዘጋጅ ሦስት እጅ እህል ላይ አንድ እጅ ጥራጥሬ ይግባበት። የላም ወተት ዓመት ሳይሞላቸው የጡትን ቦታ መያዝ የለበትም።

ለስፖርተኛ፦ በአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም አካባቢ ይበቃል። 70 ኪሎ ከሆናችሁ 112 ግራም ማለት ነው። መጀመሪያ በምግብ ቁጠሩት። የጎደለውን 20 ወይም 25 ግራም በዌይ መሙላት ይቻላል። በጾም ወቅት የአኩሪ አተር ዱቄት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ለአረጋውያን፦ ጡንቻ ከዕድሜ ጋር ስለሚቀንስ ፍላጎታቸው ከወጣት ይበልጣል፤ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም። ችግሩ ብዙ ጊዜ ጥርስና የምግብ ፍላጎት ነው። እርጎ፣ አይብ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በደንብ የላመ ሽሮ ይቀርብላቸው።

ለኩላሊት ሕመምተኛ ይህ መመሪያ አይሠራም። የአሚኖ አሲዶቹ ናይትሮጅን የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ፣ ሕመሙ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ሳይደርስ ሐኪሙ ፕሮቲን እንዲቀንስ ያዛል። ዲያሊሲስ ሲጀመር ግን እጥበቱ አሚኖ አሲዶችን ስለሚወስድ ምክሩ ይገለበጥና ከጤነኛ ሰው በላይ እንዲበላ ይታዘዛል። ስለዚህ ጎረቤቱ የተነገረውን ትቶ፣ የራሱን መጠን ከሚከታተለው ሐኪም በግራም ጠይቆ ይያዝ።